የስምንት ወር ልጅ ይዞ ዲዝኒ ወርልድ፦ ቀኑን በእንቅልፉ ዙሪያ ስሩት

ጥያቄ

ሰላም ላንቺ ይሁን እህቴ። የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። የስድስት ዓመት ሴት ልጅና የስምንት ወር ወንድ ልጅ አሉን። ልጄ «ዲዝኒ መቼ ነው የምንሄደው?» እያለች ሁለት ዓመት ጠየቀችን፣ በመጨረሻ ለጁላይ የኦርላንዶ ትኬት ቆረጥን። እናቴም ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ጋር ስላለች አብራን ትሄዳለች። ግን ሰው ሁሉ እያስፈራራኝ ነው። ጓደኞቼ «በጡት ልጅ ዲዝኒ? ገንዘባችሁን ልትጥሉ ነው» ይሉኛል። እናቴ «ልጁን ፀሐይ ይመታዋል፣ የሰው ዓይንም አለ» ትላለች። ባለቤቴ ደግሞ በር ሲከፈት ገብተን ማታ ርችቱን አይተን ካልወጣን ትኬቱ አያዋጣም ባይ ነው። ከዲዝኒ ወርልድ ፓርኮች ማጂክ ኪንግደም በሚባለው የምንውለው አንድ ቀን ብቻ ነው። ልጁ ጡትም ፎርሙላም ይወስዳል፣ ምግብም ጀምሯል። ቀኑን እንዴት ላቅደው?

የሁለት ልጆች እናት፣ ከሜሪላንድ

መልስ

እህቴ፣ ሂዱ። ጓደኞችሽ ልክ የሆኑት በአንድ ነገር ነው፣ ልጁ ምንም አያስታውስም። ግን ጉዞው የእሱ አይደለም፣ የእህቱ ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ልዕልቷን ፊት ለፊት አይታ «እውነተኛዋ ናት» ብላ የምታምንበት ጊዜ አጭር ነው። ወንድሟ እስኪያድግ ብትጠብቂ ያ ጊዜ ያልፋታል። ገንዘቡንም ካነሳን፣ ዲዝኒ ወርልድ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ትኬት የለውም፣ በነፃ ነው የሚገባው። ልጅሽ ከ3 እስከ 9 ዓመት ባለው የልጆች ዋጋ ትገባለች። በአውሮፕላንም አገር ውስጥ በረራ ላይ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ እቅፍሽ ላይ ከተቀመጠ አይከፈልበትም።

ባለቤትሽን ግን አስቁሚልኝ። ከበር መክፈቻ እስከ ርችት ማለት አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ሰዓት ነው። የስምንት ወር ልጅ በቀን ሁለቴ፣ አንዳንዱ ሦስቴ ይተኛል። ያንን እንቅልፍ ያጣ ልጅ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኋላ ማንንም አያስደስትም፣ እህቱም በእሱ ለቅሶ ቀኗ ይበላሽባታል። ስለዚህ ወረቀት አውጪና መጀመሪያ የምትጽፊው የመጫወቻዎቹን ስም ሳይሆን ልጁ ቤት የሚተኛበትን ሰዓት ይሁን። ጠዋት ሦስት ተኩል ላይና ቀትር ሰባት ተኩል ላይ ከሆነ እነዚህን ሁለቱን ክበቢያቸው። የቀረውን ሁሉ በዙሪያቸው ትሠሪዋለሽ። እኔ የምለው ይኼን ብቻ ነው፣ የሚቀጥለው ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ነው።

የጠዋቱ እንቅልፍ የሕፃን ጋሪ ላይ ይሁን፣ የቀትሩ ሆቴል ውስጥ። ይኼ እንዲሆን ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛው ጋሪው ነው። ፓርኩ የሚያከራየው ጋሪ ደረቅ ፕላስቲክ ነው፣ ወደ ኋላ አይተኛም፣ ለስምንት ወር ልጅ አይሆንም። የራስሽን ይዘሽ ሂጂ፣ አብዛኞቹ አየር መንገዶች ጋሪና የመኪና ወንበር በነፃ ይጭናሉ። መጠኑን ግን ለኪው፣ ዲዝኒ ከ79 ሴንቲ ሜትር በላይ ስፋት ወይም ከ132 ሴንቲ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ጋሪ አያስገባም፣ እንደ ሠረገላ የሚጎተተውን ዋገን የሚሉትንም አይቀበልም። ሁለተኛው ሆቴሉ ነው። ሃምሳ ዶላር ለመቆጠብ ብላችሁ አርባ ደቂቃ ርቃችሁ ካደራችሁ ቀትር ላይ መመለስ የሚባል ነገር አይኖርም። ሌላውን ቀንሱ፣ ቅርብ እደሩ።

አሁን ወደ ጠዋቱ እንሂድ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፣ ማጂክ ኪንግደም የመኪና ማቆሚያው በሩ ላይ አይደለም። መኪናችሁን አቁማችሁ ትራንስፖርቴሽን ኤንድ ቲኬት ሴንተር ወደሚባለው ትሄዳላችሁ፣ ከዚያ ሰው ሠራሽ ሐይቁን በጀልባ ትሻገራላችሁ ወይም ሞኖሬል በሚሉት ከፍ ባለ ሐዲድ በሚሄድ ባቡር ትዞሩታላችሁ። ከመኪና እስከ በሩ አንድ ሰዓት ያዢለት። ጀልባውን ምረጡ። ጋሪው ሳይታጠፍ ይገባል፣ ለልጁ ነፋስ አለው፣ እናትሽም ሐይቁን እያዩ ይሻገራሉ። ዲዝኒ ሆቴል ውስጥ ካደራችሁ አውቶቡሱ ቀጥታ በሩ ላይ ያወርዳችኋል፣ እሱ ግን ጋሪ አሳጥፎ ነው የሚጭነው፣ የተኛ ልጅ ይነቃል ማለት ነው።

ስትገቡ ግራ ቀኝ ሱቅ አትበሉ። ሲቲ ሆል ከሚባለው ቢሮ «የመጀመሪያ ጉብኝቴ» የሚል ክብ ባጅ በነፃ ውሰዱለት፣ ለአልበሙ ይበቃዋል። ከዚያ ቀጥታ ፋንታሲላንድ ወደሚባለው የፓርኩ ክፍል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ወርቅ ናቸው። ወረፋ አጭር ነው፣ ፀሐዩም ገና አልበረታም። ፒተር ፓን፣ ዱምቦ፣ ዊኒ ዘ ፑ፣ ሁሉም የቁመት ገደብ የላቸውም፣ ልጁን እቅፍሽ ላይ አድርገሽ አራታችሁም ትሳፈራላችሁ፣ እናትሽም ጭምር። የፒተር ፓን ወረፋ ከረፈደ በኋላ ስለሚረዝም እሱን አስቀድሙ። ጋሪውን በየመጫወቻው በር ላይ በተዘጋጀው ቦታ ታቆሚዋለሽ። ሠራተኞቹ ቦታ ለማመቻቸት ያንቀሳቅሱታል፣ ስትወጪ ባቆምሽበት አታገኚውም ይሆናል፣ ተሰረቀ ብለሽ አትደንግጪ። አንድ ምልክት እሰሪበት። እኔ የማስረው ከአሮጌ ነጠላ የቆረጥኩትን ጥለት ነው። ከመቶ ጥቁርና ግራጫ ጋሪ መሐል ከሩቅ ይጠራኛል። ቦርሳና ስልክ ግን ጋሪ ላይ አይተውም።

ነጠላን ካነሳሁ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ይኼን ብቻ አንብበሽ ሌላውን ብትዘይው አይቆጨኝም። የመጀመሪያ ልጄን አንድ መዝናኛ ፓርክ ይዤው የሄድኩት ሰባት ወሩ ላይ ነው። ሰኔ ነበር። ቀትር ላይ ተኛልኝ፣ እኔም እናቶቻችን እንደሚያደርጉት ፀሐይ እንዳያገኘው ብዬ ጋሪውን በነጠላ ሸፈንኩት። ስስ ነው፣ ነጭ ነው፣ ምን ይሆናል ብዬ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ እጄን ከስር ሳስገባ ውስጡ አክንባሎ እንደተከደነበት ምጣድ ነበር። አንገቱ ስር ላቡ ፈሷል፣ ፀጉሩ ግንባሩ ላይ ተለጥፏል፣ ጉንጮቹ ቀልተዋል። አላለቀሰም፣ ዝም ብሎ ነው የተኛው፣ ያስደነገጠኝም እሱ ነው። ሮጬ ቅርብ ያለ ማቀዝቀዣ ያለው ሱቅ ገባሁ፣ ልብሱን አወለቅኩ፣ እርጥብ ጨርቅ አንገቱና ብብቱ ላይ አደረግኩ፣ ጡት ሰጠሁት። ደህና ሆነ። ግን ጋሪ በጨርቅ መሸፈን፣ ጨርቁ የቱንም ያህል ቢሳሳ፣ ነፋስ ይዘጋል፣ ውስጡን ከውጭው በጣም ያሞቀዋል። ለእናትሽም ይኼን በደንብ አስረጂያቸው። ፀሐይ እንዳይመታው ያሉት ልክ ነው፣ መላው ግን መሸፈን ሳይሆን ጥላ ነው። የጋሪው ጥላ ከፊት ይዘርጋ፣ ጎኑ ክፍት ይሁን፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ማራገቢያ ጣቱ ከማይደርስበት ቦታ ይንጠልጠል። ነጠላሽን ለማጥባት ያዢው፣ እዚያ ላይ የሚተካው የለም። በነገራችን ላይ በፍሎሪዳ ሕግ እናት የትም ቦታ ማጥባት ትችላለች፣ ማንም አያስነሳሽም።

ልብሱ አንድ ንብርብር ጥጥ፣ ዙሪያውን ክፈፍ ያለው ኮፍያ። ስድስት ወር ስላለፈው የፀሐይ ክሬም መቀባት ይቻላል፣ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበትን ኤስፒኤፍ 30ና ከዚያ በላይ ምረጪ፣ በየሁለት ሰዓቱ ድገሚ። ውሃም ከጡቱ በተጨማሪ በትንሽ በትንሹ አቅምሺው። ዳይፐሩን ተከታተዪ። ስድስት ሰዓት ሙሉ ካልሸና፣ ወይም ከወትሮው ፈዞ ከታየሽ፣ ቀጥታ ፈርስት ኤይድ ወደሚባለው የመጀመሪያ እርዳታ መስጫ።

ቦታውን አሁኑኑ በካርታ ላይ ምልክት አድርጊው። በፓርኩ መሐል ያለውን ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት እያየሽ በዋናው መንገድ መጨረሻ በስተግራ፣ ክሪስታል ፓላስ የሚባለው ምግብ ቤት ጎን ነው። ከእሱ አጠገብ ደግሞ ቤቢ ኬር ሴንተር አለ። ይኼን ቤት ሳያውቁ ሽንት ቤት ወለል ላይ ልጅ የሚቀይሩ እናቶች አይቼ አዝኛለሁ። በነፃ ነው። የማጥቢያ ክፍል ከሚወዛወዝ ወንበር ጋር አለው፣ ሰፊ የዳይፐር መቀየሪያ ጠረጴዛ፣ ልጅ መመገቢያ ከፍ ያለ ወንበር፣ ማጠቢያና ማይክሮዌቭ አለው። ዳይፐር ወይም ፎርሙላ ካለቀብሽ ይሸጣሉ፣ ዋጋው ግን ከውጭ ይወደዳል። ከሁሉ በላይ ፀጥ ያለና ቀዝቃዛ ነው። ምሳውን እዚያ አብዪው። ወተት በማይክሮዌቭ አታሙቂ ብቻ፣ ጡጦው ከውጭ ለብ ብሎ መሐሉ ያቃጥላል፣ ሙቅ ውሃ ያለበት ኩባያ ውስጥ አቁሚው።

ስለ ምግብ ደግሞ፣ ዲዝኒ ከቤት ይዞ መግባት ይፈቅዳል። የመስታወት ጠርሙስ አይገባም፣ የሕፃን ምግብ ያለበት ትንሽ ብልቃጥ ግን ይፈቀዳል። የተበተነ በረዶም አያስገቡም፣ ስለዚህ አይስ ፓክ የሚሉት የታሸገ ማቀዝቀዣ ያስፈልግሻል። የታለበ የጡት ወተት በበረዶ በተሞሉ አይስ ፓኮች መሐል፣ በደንብ በሚዘጋ ቦርሳ እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። ፎርሙላ ግን ከቤት በጥብጠሽ አትሂጂ። ከተበጠበጠ ሁለት ሰዓት፣ ልጁ መጥባት ከጀመረ ደግሞ አንድ ሰዓት ነው ዕድሜው፣ ከዚያ ይደፋል። ዱቄቱን በየአንዳንዱ ጊዜ መጠን ለይተሽ ያዢ፣ ውሃውን ለብቻ። ለእናንተ ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎ፣ ለእናትሽ በሶ ቢሆንም ደስ ይላቸዋል። ቀዝቃዛ ውሃ ፈጣን ምግብ ከሚሸጡት መስኮቶች በነፃ ይሰጣሉ፣ የሚሸጠውን አትግዙ።

ስድስት ሰዓት አካባቢ፣ ሁሉም ሰው ገና ሲጋፋ፣ እናንተ ውጡ። ባለቤትሽ የሚያጉረመርመው እዚህ ጋ ነው። በዚያች ሰዓት ፍሎሪዳ ጁላይ ላይ 33 ዲግሪ ነው፣ ወበቁም ከባድ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ብዙ ቀን ነጎድጓድ ያለው ዝናብ ይጥላል። መብረቅ ሲኖር ውጭ ያሉት መጫወቻዎች ይቆማሉ። ስለዚህ ያመለጣችሁ ነገር ብዙ አይደለም። ልጁ አልጋ ላይ ሁለት ሰዓት ይተኛል፣ እህቱ ትዋኛለች፣ እናትሽ እግራቸውን ያነሳሉ። አሥር ሰዓት ሲሆን ትመለሳላችሁ፣ ትኬቱ ቀኑን ሙሉ ያስገባችኋል።

መመለስ ካልተቻለ ደግሞ ውስጥ የሚያስተኙ ቦታዎች አሉ። ካሩሰል ኦፍ ፕሮግሬስ የሚባለው ተቀምጠሽ የምታዪው ቴአትር ነው፣ ጨለምለም ያለ፣ ቀዝቃዛ፣ ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ። ልጁ እቅፍሽ ላይ ቢተኛ ማንም አይነካውም። ፒፕል ሙቨር የሚባለው ቀስ ብሎ ከፍ ብሎ የሚሄድ ባቡር ነው፣ ነፋሱ ጥሩ ነው። ኢትስ ኤ ስሞል ወርልድ ደግሞ በጀልባ ነው፣ አሻንጉሊቶቹን ልጁ አፉን ከፍቶ ያያቸዋል። እነዚህ ሦስቱ ለእናትሽም የተሠሩ ናቸው የሚያስብሉ ናቸው።

ስለ እናትሽ አንድ ነገር ልጨምር፣ አትቆጪኝ። ብዙዎቻችን እናታችን ስትመጣ ሳናስበው ሞግዚት እናደርጋታለን። «እማዬ ትይዘዋለች» እንላለን። ይያዙት፣ ደስ ይላቸዋል። ግን ቀኑን ሙሉ ጋሪ አጠገብ አግዳሚ ላይ ከተቀመጡ ዲዝኒን አላዩም። በወረቀትሽ ላይ ለእሳቸውም ሦስት ነገር ጻፊ። ጉልበታቸው ካስቸገራቸው ተሽከርካሪ ወንበር በኪራይ አለ፣ ከመድከማቸው በፊት ውሰዱት። የሰው ዓይን ያሉትን ደግሞ አትቃወሚያቸው፣ ኮፍያውን ዝቅ አድርጊለት። እኔ ከዓይን ይልቅ የምፈራው እጅ ነው፣ አላፊ አግዳሚው «ሲያምር!» እያለ ጣቱን ይነካዋል፣ እሱም ወዲያው አፉ ውስጥ ይከተዋል። ዋይፕስ ከእጅሽ አይጥፋ።

ርችቱስ? ልጅሽ ማየት አለባት። ግን ቤተ መንግሥቱ ስር ድምፁ ለሕፃን ጆሮ ከባድ ነው፣ ሰዉም እንደ ጥምቀት ነው የሚጨናነቀው። ሁለት መላ አለ። አንዱ፣ ለሕፃን የሚሆን የጆሮ መከላከያ መግዛትና ከቤት ማለማመድ። የዚያን ዕለት ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ብታደርጊለት ወርውሮ ይጥለዋል። ሌላው፣ እኔ የምመርጠው፣ ርችቱ ከመጀመሩ በፊት በጀልባ ተሻግራችሁ ከሐይቁ ማዶ፣ ከቲኬት ሴንተሩ በኩል ማየት ነው። ከሩቅ ነው፣ ግን ይታያል፣ ድምፁ ለስላሳ ነው። ሲያልቅ ሌላው ሕዝብ ገና ጀልባ ሲሰለፍ እናንተ መኪናችሁ ጋ ናችሁ። ልጁ ከደከመው አባትየውና ልጅቷ ይቅሩ፣ አንቺና እናትሽ ቀድማችሁ ግቡ። ሁሉም ሰው ሁሉን ነገር አብሮ ማየት የለበትም።

ጥያቄ

እኔና ባለቤቴ ሮለር ኮስተር በጣም እንወዳለን። አሁን የዓመት ልጅ አለን፣ ኦርላንዶ ውስጥ ዘመድ የለንም። አንዱ ልጅ ይዞ ሌላው አንድ ሰዓት ተሰልፎ፣ ከዚያ ተቀያይረን እንደገና አንድ ሰዓት ልንሰለፍ ነው? እንደዚያ ከሆነ ይቅርብን።

አባት፣ ከዳላስ

መልስ

ወንድሜ፣ አይቅርባችሁ። ዲዝኒ ራይደር ስዊች የሚባል አሠራር አለው፣ ክፍያ የለውም። ሦስታችሁም መጫወቻው በር ላይ ላለው ሠራተኛ ትታያላችሁ፣ «ራይደር ስዊች» ትለዋለህ። አንተ ትሰለፋለህ፣ እሷ ልጁን ይዛ የፈለገችበት ጥላ ታርፋለች። ስትወጣ ልጁን ትቀበላታለህ፣ እሷ መደበኛውን ወረፋ ሳትይዝ በሌላው መግቢያ ትገባለች። ሌላው የኦርላንዶ ፓርክ ዩኒቨርሳልም ተመሳሳይ ነገር አለው፣ ቻይልድ ስዋፕ ይሉታል፣ እዚያ ደግሞ መጠበቂያ ክፍል አላቸው፣ ወረፋውን አብራችሁ ተሰልፋችሁ መጨረሻ ላይ ነው የምትቀያየሩት።

ትልቅ ልጅ ላላቸው አንባቢዎችም የሚጠቅም ነገር አለ። ትልቁ ልጅ ብዙ ጊዜ ከአባቱም ከእናቱም ጋር ሁለቴ መሳፈር ይችላል። ቁመቱን ግን ቤት ውስጥ ጫማ አድርጎ ለኩት። ሰቨን ድዋርፍስ 97 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል፣ ስፔስ ማውንቴን 112፣ ትሮን 122። በሩ ላይ በመለኪያው አንድ ጣት አንሶ የተመለሰ ልጅ የሚያለቅሰውን ለቅሶ አይቻለሁ፣ ለሠራተኛውም ለወላጁም ይከብዳል። ቀድማችሁ ካወቃችሁ ልጁን እዚያ በር ላይ አታደርሱትም።

ጊዜውን ደግሞ ልጁ ሲተኛ አድርጉት። ልጁ ጋሪ ላይ ሲያንቀላፋ አንዳችሁ ትሳፈራላችሁ። ነቅቶ እያለቀሰ ለእናቱ ጥለህ የሄድክበት ሮለር ኮስተር አይጥምህም።

ጥያቄ

እህቴ፣ ዱባይ ነው የምኖረው። ልጄ ዓመት ከሁለት ወር ሆኗታል። እህቴ ኦገስት ላይ ከሪያድ ትመጣለች፣ አንድ ቀን ፈቃድ አለኝ። በዚያ ሙቀት ሕፃን ይዤ የት ልሂድ?

ከዱባይ

መልስ

ውጭ የሚባለውን ሁሉ ተዪው። በኦገስት ቀትር ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። እናንተ ጋ ያለው ጥሩ ነገር ትልልቆቹ ፓርኮች ጣሪያ ስር መሆናቸው ነው። ዱባይ ውስጥ አይኤምጂ ወርልድስ ኦፍ አድቬንቸር አለ። አቡ ዳቢ ያስ ደሴት ላይ ደግሞ በ2018 የተከፈተው ዋርነር ብሮስ ወርልድና በ2023 የተከፈተው የባሕር እንስሳት ፓርክ ሲወርልድ አሉ። እዚያው ያለው ፌራሪ ወርልድ የፍጥነት ቦታ ነው፣ ለአንቺ ልጅ ብዙም አይሆንም።

እኔ ብሆን ሲወርልድን እመርጣለሁ። የዓመት ልጅ መሳፈር አይገባትም፣ ዓሣ ግን ይገባታል። ግዙፉን መስታወት በእጇ እየመታች ግማሽ ሰዓት ትቆምልሻለች፣ አንቺና እህትሽም እዚያው ቁጭ ብላችሁ የናፈቃችሁትን ታወራላችሁ። ከዱባይ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ስለዚህ መንገዱን ከእንቅልፏ ሰዓት ጋር አገናኚው። ስትነሱ ትተኛ፣ ስትደርሱ ትንቃ። ሲመለስም እንደዚያው።

ብርዱን ግን አስቢበት። ከ40 ዲግሪ ወጥተሽ የማቀዝቀዣው ክረምት ውስጥ ነው የምትገቢው። ካልሲ፣ ቀጭን ሹራብና ስስ ፎጣ ያዢላት። ከመኪና ማቆሚያው እስከ በሩ ያለችው መንገድ ላይ አታልብሻት፣ ከገባችሁ በኋላ ነው። ቅዳሜና እሑድ ካልሆነብሽ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ውሰጂ፣ ሰዉ ይቀንሳል። ወንበሯን በመኪናው ውስጥ ፀሐይ ላይ ትተሽው ከሆነ ደግሞ ከማስቀመጥሽ በፊት የቀበቶውን ብረት በእጅሽ ንኪው።